መስታወቱን ያላበው ማነው?

ክረምት በገባ ቁጥር ከባሕር ዳር ወደ መራዊ፣ ከዚያም ወደ ዳንግላና እንጅባራ የሚነዳ ሰው አንድ እጁ መሪው ላይ፣ ሌላው እጁ ጨርቅ ላይ ነው። ውጭው ዝናብ፣ ውስጡ ጉም። የዝናብ መጥረጊያው የውጭውን ውሃ እየገፋ ሲጥል፣ ውስጠኛው የመስታወት ገጽ ነጭ ሻሽ ይለብሳል። ሹፌሩ በጨርቅ ሲያብሰው ለአፍታ ይጠራል፤ ጥቂት እንደሄደ ተመልሶ ይሸፈናል። በመጨረሻ መዳፍ የምታክል ጥርት ያለች ቦታ ብቻ ትቀርና ሰውየው አንገቱን አቀርቅሮ በእሷ በኩል እያጮለቀ መንዳት ይጀምራል።

ብዙዎቻችን ይህን የክረምት ጠባይ ነው ብለን ለምደነዋል። እስቲ በቁጥር እንየው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጨርቅ አንስቶ፣ መስታወት ጠርጎ፣ ጨርቁን ለመመለስ ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ 50 ሜትር ያህል መንገድ በአንድ እጅና በግማሽ ዓይን ታልፏል ማለት ነው። በመራዊ መግቢያ ላይ በ50 ሜትር ውስጥ ምን ምን እንዳለ አስቡት፦ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ከግጦሽ የሚመለሱ ከብቶች፣ ጃንጥላዋን ወደ ዝናቡ አዘንብላ ግራ ቀኙን ሳታይ የምትሻገር እናት። እሷ መኪናውን አላየችም፤ ሹፌሩም እሷን አላያትም።

ስለዚህ የዚህ ወር ጉዳያችን ትንሽ ቢመስልም ትንሽ አይደለም። ደግነቱ መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ብቻ ነው።

ውሃው የራሳችን ነው

በመስታወቱ ላይ የምናየው ጉም ከዝናቡ ሾልኮ የገባ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ከእኛው የወጣ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በኩል በሰዓት እስከ 50 ግራም የሚደርስ ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። በአንዲት ትንሽ የቤት መኪና ውስጥ አምስት ሆነን ብንቀመጥ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሩብ ሊትር፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ፣ ተነፈስን ማለት ነው። ሙሉ ሰው በጫነ ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ከግማሽ ሊትር ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ውሃ የት ይሄዳል? አየር ውሃን በእንፋሎት መልክ ይሸከማል፤ የመሸከም አቅሙ ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑም በሙቀቱ ይወሰናል። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር መሸከም የሚችለው 17 ግራም ገደማ ነው። ሲቀዘቅዝና 10 ዲግሪ ሲደርስ ከ9 ግራም ትንሽ በላይ ብቻ ይሸከማል። የትንሽ መኪና ውስጥ በአማካይ ሦስት ሜትር ኩብ ያህል አየር ይይዛል። እንግዲህ በ20 ዲግሪ በጠቅላላው የሚሸከመው 50 ግራም አካባቢ ነው። መስኮቱ ሁሉ ከተዘጋ አምስት ሰዎች ይህንን ለመሙላት ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅባቸውም።

አየሩ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ውሃ የሚያራግፈው መጀመሪያ ባገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ነው። በመኪና ውስጥ ከሁሉ የሚቀዘቅዘው በዝናብና በንፋስ የሚመታው መስታወት ነው። ቀዝቃዛ ለስላሳ መጠጥ ጠረጴዛ ላይ ስናስቀምጥ ጠርሙሱ በውጭ በኩል እንደሚያልበው ማለት ነው። ልዩነቱ እዚህ ቅዝቃዜው ውጭ፣ እርጥበቱ ውስጥ መሆኑ ነው።

ከትንፋሻችን ሌላ ይዘነው የምንገባው ውሃም አለ። ዝናብ የመታው ጋቢና ነጠላ፣ እግር ሥር የተጣለ ጃንጥላ፣ ጭቃ የጠገበ ጫማ፣ ከምድጃ ወጥቶ በቀጥታ መኪና ውስጥ የገባ ትኩስ እንጀራ፣ ክዳኑ ያልገጠመ የሻይ ፔርሙዝ። ሐዘን ለመድረስ ወይም ለክርስትና ዘመድ ቤት ስንሄድ ደግሞ እነዚህ ሁሉ በአንድ መኪና ይገናኛሉ። እንዲህ ባለ ቀን መስታወቱ ቢያልበው አይገርምም።

በጋም አይቀርም

ነገሩ የክረምት ብቻ እንዳይመስለን። የቆጋ አካባቢ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። የቆጋ ግድብ ወደ 7 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ መሬት በመስኖ እንዲያለማ የተሠራ ነው፤ ወንዙም ከግልገል ዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ጣና ይገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌላው አገር ሲደርቅ እዚህ ስንዴው፣ ድንቹ፣ ሽንኩርቱና ጎመኑ ውሃ ይጠጣል። ሌሊቱ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ በመሆኑ ብርድ ነው። እርጥብ ማሳ ከታች፣ ጥርት ያለ ቀዝቃዛ ሌሊት ከላይ ሲገናኙ ጠዋት ላይ መኪናው በጤዛ ታጥቦ ይገኛል።

ጤዛ እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ የሚመስላቸው ብዙ ነበሩ። ዊልያም ቻርልስ ዌልስ የተባለ በለንደን ይኖር የነበረ ሐኪም ስለ ጤዛ ያደረገውን ምርምር በ1814 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ምክንያቱን አስረዳ። ጥርት ባለ ሌሊት ሣሩም፣ ብረቱም፣ መስታወቱም ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ስለሚለቁ በዙሪያቸው ካለው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛሉ፤ አየሩ እነሱን ሲነካ ውሃውን ያራግፍባቸዋል። ከዛፍ ወይም ከጣራ ሥር ያደረ መኪና ሜዳ ላይ ካደረው ያነሰ ጤዛ የሚኖረውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ጠዋት መራዊ ገበያ ጎራ ብሎ ጥቅል ጎመን፣ ድንችና እርጥብ ሽንኩርት በኋላ ወንበር ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚመለስ ሰው ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሆነው መንገድ ሌላ የሚተነፍስ መንገደኛ ጫነ ማለት ነው። ትኩስ አትክልትም ውሃ ይለቃል። ሸቀጡ ከተቻለ ከተሳፋሪው በተለየ የዕቃ ቦታ ወይም በጣራ መጫኛው ላይ ይሁን፤ ካልተቻለ ውሃው ይራገፍና በደረቅ ማዳበሪያ ይጠቅለል።

"ንፋስ ይመታኛል"

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ። መስታወቱ ሲያልበው የመጀመሪያው መድኃኒት አየር መለወጥ ነው። የእኛ አገር ተሳፋሪ ደግሞ የመጀመሪያ ሥራው መስኮት መዝጋት ነው። "ልጁን ብርድ ይመታዋል"፣ "እኔ ወገቤን ያመኛል"፣ "ምች ይሆንብኛል"። አክብሮት ይገባቸዋል፤ የሚናገሩትም አብዛኛውን ጊዜ እናቶችና አዛውንቶች ናቸው። "እትዬ፣ ትንሽ ልክፈተው?" ብሎ የጠየቀ ሹፌር "ኧረ በእመብርሃን!" የሚል መልስ ሰምቶ ዝም ይላል። ዝም ሲል ግን የሚያየው መንገድ ይጠብባል።

ለእነዚህ ወገኖቻችን ሁለት ነገር በትሕትና ማስረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ መስታወቱ ላይ ያለው ውሃ ከሳንባችን የወጣ እስትንፋስ ነው። መስታወቱ አላበው ማለት ያ አየር ሳይለወጥ ቆይቷል፣ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው መልሶ እየሳበው ነው ማለት ነው። ጉንፋንም ሆነ የሳንባ ነቀርሳ በቀላሉ የሚተላለፉት እንዲህ በታፈገ ቦታ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ጊዜ መስኮት ክፈቱ ሲባል የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ይከፈት ያለ የለም። ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት፣ ያውም ከፊት በግራ፣ ከኋላ በቀኝ ከሆነ፣ አየሩ ከሰው ፊት ላይ ሳይወርድ አቋርጦ ይወጣል። በመስኮቱ አናት ላይ የሚለጠፈው የፕላስቲክ ከለላ ካለ ደግሞ ዝናቡም አይገባም።

እዚህ ላይ ብልህ ሰው አንድ ጥያቄ ያነሳል፦ "ውጭውም እኮ ዝናብ ነው። እርጥብ አየር አስገብቼ እንዴት መስታወት ይደርቃል?" መልሱ በሙቀቱ ላይ ነው። በነሐሴ ጠዋት በ15 ዲግሪ ያለ እርጥበት የጠገበ የውጭ አየር በአንድ ሜትር ኩብ 13 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል። ይህ አየር መኪና ውስጥ ገብቶ 25 ዲግሪ ሲሞቅ የመሸከም አቅሙ 23 ግራም ይሆናል። የያዘው ግን ያው 13 ነው። ስለዚህ ተጨማሪ 10 ግራም ለመቀበል ቦታ አለው፤ ከመስታወቱ ላይ እየወሰደ ይወጣል። ውጭ ላይ እርጥብ የነበረው አየር ሲሞቅ ደረቅ ሆነ ማለት ነው። ሂተር የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

መንገድ ላይ ሲያልበው

በቅድሚያ ፍጥነት ቀንሱ። ምንም የማይታይ ከሆነ ከመንገዱ ወጣ ብላችሁ አስተማማኝ ቦታ ላይ ቁሙ፤ የአደጋ ጊዜ መብራት አብሩ። ከዚያ በቅደም ተከተል፦

አንደኛ፣ የአየር መመለሻውን አጥፉ። በዳሽቦርዱ ላይ የመኪና ሥዕል በውስጡ የሚዞር ቀስት ያለበት ቁልፍ አለ። ይህ ቁልፍ ሲበራ የውጭ አየር እንዳይገባ ዘግቶ የውስጡን ደጋግሞ ያዞረዋል። በጋ ላይ አቧራ ሽሽት ሁላችንም እናበራዋለን፤ ክረምት ሲገባም እንደበራ ይረሳል። መስታወታችሁ ሁልጊዜ የሚያልበው ከሆነ ከሁሉ በፊት ይህንን ተመልከቱ።

ሁለተኛ፣ አየሩን ወደ ፊት መስታወት አዙሩና ማራገቢያውን ከፍ አድርጉ። ሥዕሉ ወደ ላይ የሚወጡ የተጣመሙ ቀስቶች ያሉት የመስታወት ቅርጽ ነው።

ሦስተኛ፣ ኤሲውን አብሩ፤ ሙቀቱን ግን ወደ ቀዩ መስመር አዙሩ። "በብርድ ኤሲ ማብራት ምን የሚሉት ነው?" የሚል አለ። ኤሲ ማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም ሥራው። አየሩ በውስጡ ባለው ቀዝቃዛ ብረት ላይ ሲያልፍ ውሃውን እዚያ ያራግፋል፤ ውሃውም በቀጭን ቱቦ ከመኪናው ሥር ይንጠባጠባል። ኤሲ የበራበት መኪና ቆሞ ሥሩ የሚረጥበው በዚህ ነው። የደረቀውን አየር ሂተሩ ያሞቀዋል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ መስታወቱ ብዙም ሳይቆይ ይጠራል። ኤሲ ነዳጅ ይጨምራል፣ እውነት ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ አይደለም የሚበራው።

አራተኛ፣ የኋላ መስታወት ላይ ቀጫጭን መስመሮች ካሉ ቁልፋቸውን አብሩ። መስመሮቹ በኤሌክትሪክ የሚሞቁ ሽቦዎች ናቸው። በጨርቅ ስታጸዷቸው በርዝመታቸው ጥረጉ፤ በጥፍርም ሆነ በስለት አትፋቋቸው። አንዱ ከተቆረጠ ያ መስመር አይሞቅም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። መስታወቱ ጠራ ብላችሁ ኤሲውን ወዲያው ስታጠፉ ድንገት መልሶ ሊሸፈን ይችላል። በቀዝቃዛው ብረት ላይ የቀረው ውሃ ተመልሶ ከአየሩ ጋር ስለሚነፍስ ነው። ዝናቡ እስኪያባራ በርቶ ይቆይ፤ ስታጠፉትም መስኮቱን ገርበብ አድርጋችሁ ይሁን።

ኤሲ የሌለው ወይም የተበላሸበት መኪና ብዙ ነው። ለእሱ ሂተር፣ የውጭ አየርና ገርበብ ያለ መስኮት ይበቃሉ። በነዳጅ መኪና ሂተር የሚሠራው ሞተሩ በሚጥለው ሙቀት ስለሆነ ይህ ነው የሚባል ወጪ የለውም። የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች ግን ይህን ልብ በሉ፤ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ቁጥራችሁ እየጨመረ ነው። ሙቀቱ ከባትሪ ስለሚወሰድ የምትሄዱትን ርቀት ያሳጥራል። ወደ ሩቅ አገር ስትወጡ ይህን አስቡበት፤ ከተቻለም መኪናው ገና ቻርጅ ላይ እያለ አሙቁት።

አንዳንዴ ደግሞ የሚያልበው መስታወቱ በውጭ በኩል ነው። ከደጀን ብርድ ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ የቀዘቀዘው መስታወት ሞቃትና እርጥብ አየር ሲያገኝ በውጭ ሊሸፈን ይችላል። እጃችሁ የማይደርስበት ጉም ከሆነ የዝናብ መጥረጊያውን አንዴ አዙሩትና ቅዝቃዜውን ከመስታወቱ ላይ አንሱ።

ከቤት ሳይወጡ

"ሳይቃጠል በቅጠል" እንደሚባለው፣ አብዛኛው ሥራ የሚያልቀው ቤት ነው።

ቆሻሻ መስታወት ከንጹሕ መስታወት ይልቅ ቶሎ ያልበዋል። ውሃው የሚይዝበት አቧራና ቅባት ስላገኘ ነው። በሳምንት አንዴ ውስጡን በንጹሕ ውሃና በጥቂት አቼቶ አጽዱ፤ ከዚያ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ወይም በጋዜጣ እስኪያበራ አድርቁት። በመዳፍ መጥረግ ግን ጉዳት አለው፤ የእጃችን ቅባት ይቀርና ማታ ላይ ከፊት የሚመጣው መብራት ሁሉ ተበትኖ ዓይን ይወጋል። ላቫጆ ስትገቡም ዳሽቦርዱን የሚያብለጨልጭ ቅባት አብዝተው እንዳይቀቡባችሁ ንገሯቸው። ፀሐይ ሲመታው ተንኖ የሚያርፈው መስታወቱ ላይ ነው።

ለጎን መስታወቶች አንድ የቆየ ዘዴ አለ። አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በእርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ቅቡት፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ምንም ምልክት እስካይታይ ወልውሉት። ሳሙናው ውሃው ጠብታ ጠብታ እንዳይሆን ያደርገዋል፤ እንደ ስስ ሉህ ስለሚዘረጋ ከጀርባው ያለው ይታያል። ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ይደገማል።

ማታ መኪናውን ስታቆሙ እርጥብ ነገር ውስጥ አታሳድሩ። የእግር ምንጣፉን አውጥታችሁ አራግፉ፤ ጃንጥላውን ቤት አስገቡ፤ ፀሐይ በወጣችበት ሰዓት አራቱንም በር ከፍታችሁ ጥቂት አናፍሱት። ጨው በከረጢት አድርገው የሚያስቀምጡ አሉ። ጨው እርጥበት የሚስበው አየሩ በጣም ሲረጥብ ነው፤ ለቆመ መኪና ትንሽ ቢያግዝ ነው እንጂ አምስት ሰው ለሚተነፍስበት አይበቃም። ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን እርጥበት የሚስቡ ትናንሽ ከረጢቶች የምታስቀምጡ ከሆነ ልጅ አፉ ውስጥ እንዳይከታቸው ተጠንቀቁ።

ሁለት ክልክል ነገሮች አሉ። በቀዘቀዘ መስታወት ላይ የፈላ ውሃ አትድፉ፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ "መኪናው ይሙቅ" ብሎ ሞተር አስነስቶ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መተው ነው። ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበት፤ ጋራዡ ከመኝታ ቤት ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ልጆች ተኝተው የሚያልቁበት አደጋ ነው። በር ከፍታችሁ፣ መኪናውን ወደ ውጭ አውጥታችሁ አሙቁ።

ሁልጊዜ የሚያልበው ከሆነ

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ፣ ብቻችሁን ስትነዱ እንኳ መስታወቱ የሚሸፈን ከሆነ መኪናው የሆነ ቦታ ውሃ ቋጥሯል ማለት ነው። ምንጣፉን አንስታችሁ ሥሩን በእጃችሁ ዳብሱ።

የፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ከረጠበ የኤሲው የውሃ መውጫ ቱቦ ተደፍኖ ይሆናል። ኮፈኑን ስትከፍቱ ከፊት መስታወቱ ግርጌ ቅጠል ከሞላ ደግሞ የዝናቡ መውረጃ ተዘግቷል፤ ባሕር ዳር በዛፍ የተሞላች ከተማ ስለሆነች ከጥላ ሥር የሚውል መኪና ሁሉ ይህ ያጋጥመዋል። በእጅ ለቅሞ ማጽዳት ነው። የበሮቹ ዳር ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ከተጨራመተ ዝናቡ በዚያ ይገባል። ብዙ መኪኖች ደግሞ ከፊት ኪሱ ኋላ የአየር ማጣሪያ አላቸው፤ የበጋው አቧራ ከደፈነው ማራገቢያው የቱንም ያህል ቢጮህ መስታወቱ ጋ የሚደርስ አየር የለም። ከክረምት በፊት ይለወጥ።

መካኒክ ጋ ሳትውሉ ሳታድሩ መሄድ ያለባችሁ በአንድ ምልክት ነው። በመስታወቱ ላይ ያለው ጉም በጨርቅ ስትጠርጉት እንደ ቅባት የሚያዳልጥ፣ መኪናው ውስጥ ጣፋጭ የሚመስል ሽታ ያለ፣ የራዲያተሩም ፈሳሽ በየጊዜው የሚጎድል ከሆነ የሂተሩ ራዲያተር እያፈሰሰ ነው። ይህ መስታወት መሸፈን ብቻ ሳይሆን ሞተሩንም የሚያቃጥል ችግር ነው።

ለተሳፋሪም ድርሻ አለው

ሁሉንም ነገር በሹፌሩ ላይ መጣል አይገባም። በሚኒባስ ውስጥ መስኮቱ ያለው በተሳፋሪው እጅ ነው። ሹፌሩ በጨርቅ ሲታገል ስታዩ በአጠገባችሁ ያለውን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ክፈቱ። "ሹፌሩ መንገዱ አልታየውም፣ ትንሽ ብንከፍትለት" ያለ ሰው ብዙ ጊዜ እሺታ ያገኛል፤ ሰው ብርዱን የሚፈራውን ያህል ገደሉንም ይፈራልና። ሕፃን የያዘች እናት ካለች ከተከፈተው መስኮት ራቅ ወዳለ ቦታ ቀይሯት። ብርድ የሚያማቸውን አዛውንት ደግሞ ደረቅ ጋቢ ደርቡላቸው። መስኮቱን መዝጋት ሳያስፈልግ የሰው ብርድ ይከለከላል።

ልጆቻችሁንም አስተምሯቸው። ባላበው መስታወት ላይ በጣታቸው ሥዕል መሣል ይወዳሉ፤ ይሣሉ፣ ግን ሹፌሩ ግራና ቀኙን በሚያይበት መስታወት ላይ አይሁን። ውሃው ከየት እንደመጣም ንገሯቸው። የራሳቸው ትንፋሽ እንደሆነ ሲሰሙ መስኮቱን ቀድመው የሚከፍቱት እነሱ ናቸው።

መልካም የክረምት መንገድ ይሁንላችሁ።